ካሽ፣ ቴሌብር ወይስ የባንክ አፕ? ድሬዳዋ ላይ በምን መክፈል ይሻላል

በስልክ መክፈል ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ የሚለው ክርክር ድሬ ላይ ጊዜው አልፎበታል። ከግንቦት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ቤንዚን የሚቀዳ ሰው በኤሌክትሮኒክ እንዲከፍል ግዴታ ሆኗል። የመብራት ሂሳብ በስልክ ይከፈላል። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያም እንዲሁ። ዕቁብ እንኳን በትራንስፈር የሚጥል ሞልቷል፣ ሰብሳቢውም ማን ከፈለ ማን አልከፈለ ብሎ ደብተር ከማገላበጥ ተርፏል። ስለዚህ አሁን የሚጠቅመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ የትኛውን ክፍያ በምን እንክፈል?

የኔን አቋም ከመጀመሪያው ልናገር። አንድ አፕ መርጦ ሁሉን ነገር በሱ መጨረስ ለኔ አይታየኝም። ለዕለት ወጪ ትንሽ ብር የተቀመጠበት ዋሌት (እንደ ቴሌብር ያለ የስልክ ቦርሳ)፣ ለትልልቅ ክፍያ የባንክ አፕ፣ ለቀፊራ ገበያና ለጉልት ደግሞ ጥሬ ብር፤ ሶስቱም ያስፈልጋሉ። የቁጠባ ገንዘባችሁ ሁሉ በአንድ ፒን በሚከፈት ስልክ ውስጥ ሆኖ ታይዋን ገበያ ውስጥ በግፊያ መሃል መሄድ የለባችሁም። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ከዚህ ሀሳብ ይነሳል።

እጃችን ላይ ምን ምን አለ

ቴሌብርን ሁሉም ያውቀዋል። ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም. ነው ያስጀመረው፣ ዛሬ «ቴሌብር አለህ?» ማለት ሰላምታ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል። ትልቁ ጥቅሙ አፑ አይደለም። ትልቁ ጥቅሙ ኢንተርኔት ሳይኖር ኮከብ 127 መሰላል (*127#) ደውሎ በተራ ቀፎ ጭምር መላክና መቀበል መቻሉ ነው። ዳታ ሲያልቅባችሁ፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥ፣ አፑ እየዞረ እየዞረ አልከፍት ሲል ይሄ መንገድ ብዙ ጊዜ ይሰራል። አፑን ብቻ የለመደ ልጅ ይሄን ስለማያውቅ ባጃጅ ላይ ቁጭ ብሎ ሲጨነቅ አያለሁ። ዛሬውኑ አንዴ ሞክሩትና እጃችሁ ይልመደው።

የሳፋሪኮሙ ኤምፔሳ ሁለተኛው ነው። እዚህ ላይ ድሬ የራሷ ታሪክ አላት። ሳፋሪኮም በኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መጀመሪያ የከፈተው አዲስ አበባ ላይ አልነበረም፤ እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው፣ በነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ሐረርና ሐረማያ ተከተሉ። ኤምፔሳ የመጣው ከአንድ ዓመት በኋላ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ የሰራ ስለሆነ አሰራሩ የተፈተነ ነው። የ07 ቁጥር ካላችሁና የምትልኩለት ሰውም ካለው ይመቻል። ችግሩ ግልጽ ነው፦ ጥቅሙ የሚለካው ስንት ሻጭ ይቀበለዋል በሚለው ነው፣ በየሱቁ መጀመሪያ የሚጠሩላችሁ ደግሞ ቴሌብር ወይም ንግድ ባንክ ነው።

የባንክ አፖች ሶስተኛው ወገን ናቸው። የንግድ ባንክ ሞባይል ባንኪንግ፣ የራሱ ዋሌት የሆነው ሲቢኢ ብር፣ የዳሸን፣ የአዋሽ፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክና የሌሎቹም። ከሲቢኢ ብር በስተቀር እነዚህ በቀጥታ ከቁጠባ ሂሳባችሁ ነው የሚወስዱት። ጥቅማቸውም አደጋቸውም እዚያው ላይ ነው።

ወደ ጅግጅጋ አቅጣጫ ቤተሰብ ወይም ንግድ ያላችሁ ደግሞ ሄሎካሽና ኢብር የሚባሉትን ዋሌቶች አትርሱ። ሄሎካሽ በሶማሌ ክልል ገና ቴሌብር ሳይታሰብ ነው ስር የሰደደው። እንዲያውም ከሀርጌሳ ጋር የሚነግዱ የድሬ ነጋዴዎች በስልክ መክፈልን ከኛ ቀድመው ነው ያዩት፤ ሶማሌላንድ ውስጥ ዛድ የሚባለው አገልግሎት እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ አለ። ስለዚህ «ይሄ የወጣት ነገር ነው» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ ታይዋን ውስጥ ጨርቅ የሚሸጡትን ትልልቅ ሰዎች ጠይቁ።

ባጃጅ፦ እዚህ ዋሌት ያሸንፋል

ከሳቢያን ወደ ከዚራ ለመሄድ ባጃጅ ስትይዙ የድሮው ጭቅጭቅ ዝርዝር ነበር። «አቦ ዝርዝር የለኝም» ይላል ሹፌሩ፣ እናንተም የላችሁም፣ ሁለታችሁም ሱቅ ለሱቅ ትዞራላችሁ። በቴሌብር መላክ ይሄን ጨርሶታል። ከሱ በላይ ደግሞ ሹፌሩ ራሱ ብሩ ስልኩ ውስጥ እንዲገባለት የሚፈልግበት ምክንያት አለው፦ ቤንዚን የሚቀዳው በስልክ ስለሆነ። ቀኑን ሙሉ ካሽ ሲሰበስብ የዋለ ሹፌር ማደያ ከመግባቱ በፊት ወኪል ፈልጎ ብሩን ማስገባት አለበት። እናንተ በቀጥታ ከላካችሁለት ያ ድካም ይቀርለታል።

ግን ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ከመሳፈራችሁ በፊት «በቴሌብር ነው የምከፍለው፣ ይሆናል?» በሉ። ደርሳችሁ ከወረዳችሁ በኋላ ማለት ሹፌሩን ማስገደድ ነው፣ ካሽ ያስፈለገው ቀን ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ሰው በጫነ ባጃጅ ውስጥ ፒናችሁን በግልጽ አትንኩ። አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው ፒኑን አይቶ ቀጥሎ ስልኩን ከወሰደ ሁለቱም በእጁ ናቸው። ለዚህ ነው ዋሌቱ ውስጥ የሳምንት ወጪ ብቻ ይኑር የምለው። ቢሰረቅ ያማል፣ ግን ቤት አያፈርስም።

ለድሬ ሙቀትም አንድ ቃል። በሚያዝያና በግንቦት ፀሐይ ላይ የቆየ ስልክ ግሎ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል፣ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መብራት በሄደበት ቀን ደግሞ ቻርጅ የለም። ስልክ ብቻ ይዞ መውጣትን የማልወደው በዚህም ምክንያት ነው። በኪስ ውስጥ ለመመለሻ ባጃጅ የሚበቃ ካሽ ሁሌም ይኑር።

ቀፊራ፦ እዚህ ካሽ ይዛችሁ ሂዱ

ስለዚህ ጉዳይ ትንሽ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም በስልክ የመክፈል ጥቅምና ጉዳት ሲወራ ሁሌም የሚወራው ስለ ገዢው ነው። ሻጯን የሚያስታውስ የለም።

ቀፊራ ውስጥ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ማንጎ ዘርግተው የሚሸጡት እናቶች ብዙዎቹ ከዙሪያው ገጠር ነው የሚመጡት። ጠዋት ይመጣሉ፣ የሸጡትን ሸጠው፣ ዘይትና ስኳር ገዝተው፣ በዚያው ቀን ይመለሳሉ። ለነሱ ብር ማለት አሁን እጃቸው ላይ ያለው ነው። በስልክ ስትልኩላቸው ምን ይሆናል? መጀመሪያ መልእክቱን ማንበብ አለባቸው። ከዚያ ካሽ ለማድረግ ወኪል ፈልገው መሰለፍ አለባቸው። ለማውጣት ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ ይቆረጥባቸዋል። ከትንሽ ሽያጭ ላይ የሚቆረጥ ሳንቲም ለናንተ ምንም ላይሆን ይችላል፣ ለነሱ ግን ከትርፉ ነው የሚሄደው። እናንተ ከወኪል ወይም ከኤቲኤም ጎን ነው የምትኖሩት፤ ካሽ የማውጣቱን ስራ እናንተ ብትሰሩት ይቀላል።

በርግጥ ራሳቸው «ላኪልኝ» የሚሉ አሉ፣ ቁጥራቸውን ካርቶን ላይ ጽፈው የሰቀሉም አሉ። እነሱ ከመረጡ ጥሩ ነው፣ እንዲያውም ብር ይዞ መንገድ ከመሄድ ይሻላቸዋል። ምርጫው የነሱ ይሁን ነው የምለው።

እና እባካችሁ፣ እናታችሁ ወይም አክስታችሁ ወይም ደንበኛ ያደረጋችኋት ሻጭ ቴሌብር ከፍታ ከሆነ አንድ ነገር አድርጉላት፦ ቋንቋውን ቀይሩላት። ቴሌብር ከአማርኛና እንግሊዝኛ ሌላ በአፋን ኦሮሞ፣ በሶማሊኛና በትግርኛም ይሰራል። በማታውቀው ቋንቋ የሚመጣ የገንዘብ መልእክት የአጭበርባሪ መግቢያ በር ነው። ድሬ ላይ ደግሞ አንድ መደዳ ሱቅ ውስጥ ሶስት ቋንቋ ይነገራል።

ስክሪንሾት ደረሰኝ አይደለም

ሱቅ ያላችሁ፣ ሳምቡሳ የምትሸጡ፣ ጫት የምትሸጡ፣ ልብስ የምትሸጡ፣ ይሄን ክፍል ለብቻው አንብቡት። በዚህ አከፋፈል ላይ ትልቁ ጉዳት ይሄ ነው ብዬ አምናለሁ፣ የሚጎዳውም ሁሌ ትንሹ ነጋዴ ነው።

ሰውዬው እቃውን ያነሳል፣ ስልኩን ይነካካል፣ ከዚያ «ይኸው ልኬያለሁ» ብሎ ስክሪኑን ያሳያችኋል። ስምም አለ፣ የብሩ መጠንም አለ፣ አረንጓዴ ምልክትም አለ። ግን ያ ምስል ነው። ምስል ደግሞ በማንኛውም ስልክ ይሰራል፣ የትናንቱን ደረሰኝ ቀኑን ቀይሮ ማሳየትም ይቻላል። በተለይ ሰው ሲበዛ፣ ከሰዓት ሰው ለጫት በሚሰለፍበት ሰዓት፣ ሻጭ ሲጣደፍ ጠብቀው ነው የሚያደርጉት። ጫት እስከ ማታ ካልተሸጠ ይጠወልጋል፣ ሻጯም ቆማ ለመጣራት ጊዜ የላትም። ይሄን ያውቁታል።

ደንቡ አንድ ነው፦ የሰውን ስልክ አትዩ፣ የራሳችሁን እዩ። የራሳችሁ ስልክ ላይ የገቢ መልእክት ካልመጣ አልተከፈለም። መልእክት መጣ እንኳን ብትሉ ከማን እንደመጣ ተመልከቱ። የቴሌብር መልእክት ከ127 ነው የሚመጣው፣ የባንክም በባንኩ ስም ነው የሚገባው። ከተራ የሞባይል ቁጥር «ይህን ያህል ብር ገቢ ሆኗል» የሚል ጽሑፍ ከመጣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ የጻፈው ነው። ከሁሉም የሚበልጠው ማረጋገጫ ደግሞ ባላንስ ማየት ነው። ኔትወርክ አስቸግሮ መልእክት ሲዘገይ ብሩ ቀድሞ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ደንበኛን ሌባ ከማለታችሁ በፊት ባላንሳችሁን እዩ፣ ጨዋ ሰው እንዳታስቀይሙ። ገዢ ከሆናችሁም አትኩረፉ። ሻጩ «ትንሽ ጠብቁኝ፣ ልየው» ሲል መጠርጠር ሳይሆን ስራውን መስራቱ ነው።

ሌላው የተለመደ ማጭበርበር «በስህተት ልኬብሽ ነው፣ እባክሽ መልሺልኝ» የሚለው ነው። መጀመሪያ የውሸት መልእክት ይላካል፣ ከዚያ ይደወላል፣ ድምፁ ያለቅሳል፣ ልጄ ሆስፒታል ነው ይላል። እውነት ተልኮ ከሆነ ባላንሳችሁ ላይ ይታያል። ካልታየ ስልኩን ዝጉ። ታይቶም ከሆነ ራሳችሁ አትመልሱ፣ ላኪው ለድርጅቱ ያመልክትና በዚያ በኩል ይምጣ።

ፒን ወይም በመልእክት የመጣ የማረጋገጫ ቁጥር የሚጠይቅ ደዋይ ደግሞ ማንም ነኝ ቢል የባንክ ሰው አይደለም። አፕ በቴሌግራም ከተላከ ፋይል አትጫኑ፤ ከፕሌይ ስቶር ወይም ከአፕ ስቶር ብቻ።

ትልቅ ብር፦ የባንክ አፕ

የቤት ኪራይ፣ የዕቃ ግዢ፣ ሐረማያ ወይም አዲስ አበባ ለሚማር ልጅ የሚላክ፣ ለጅቡቲ መስመር ጭነት የሚከፈል፤ እነዚህን በባንክ አፕ ክፈሉ። ምክንያቱ ማስረጃው ነው። ከባንክ ወደ ባንክ የተላለፈ ብር የማስተላለፊያ ቁጥር አለው፣ ደረሰኙን አውጥቶ ማሳየት ይቻላል። ከንግድ ባንክ በሚመጣው መልእክት ውስጥ ያለውን ሊንክ ብትነኩት ደረሰኙ ከባንኩ ራሱ ይከፈታል፣ ይሄ ከስክሪንሾት በጣም ይለያል። አከራያችሁ «አልደረሰኝም» ሲሉ ክርክሩ እዚያው ያልቃል። በካሽ የከፈላችሁት ኪራይ ግን ፈርመው ካልሰጧችሁ በስተቀር ማስረጃው ቃል ብቻ ነው።

የሚላክለትን የሂሳብ ቁጥር ስታስገቡ ስሙ ይመጣል። እዚያ ላይ ቁሙ። የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ከ1000 ይጀምርና 13 አሃዝ ነው፣ አንዷን ቁጥር መሳት ቀላል ነው። ስሙን እስከ አያት ድረስ አንብቡ። «አህመድ» ብቻ አይቶ መላክ ድሬና ሐረር ላይ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ተሳስቶ የሄደን ብር ባንኩ በራሱ ከሰው ሂሳብ አንስቶ አይመልስም፤ ተቀባዩ መስማማት አለበት፣ ካልተስማማ ነገሩ ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል።

ክፍያውንም ተመልከቱ። በአንድ ባንክ ውስጥ ማስተላለፍና ወደ ሌላ ባንክ ማስተላለፍ ዋጋቸው አይመሳሰልም፣ ወደ ሌላ ባንክ ሲሆን ሊዘገይም ይችላል። ለአንድ ሰው በየወሩ የምትልኩ ከሆነ ሰውዬው ያለበት ባንክ ሂሳብ መክፈት ሊያዋጣችሁ ይችላል። ኤምፔሳና ቴሌብርም ላይ እንዲሁ ነው፦ በአንድ ዋሌት ውስጥ መላክ ከሁሉም ይቀላል፣ ከዚያ ሲወጣ ነው ክፍያና ጣጣ የሚመጣው። ስለዚህ ከመላካችሁ በፊት «በምን ልላክ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ባንክም ቢሆን ይቆማል። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ሰዎች ከሂሳባቸው በላይ ማውጣት ሲችሉ፣ ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት አቋርጦት ነበር። በዚያ ቀን ገንዘቡን ሁሉ በአንድ ባንክ ያደረገ ሰው፣ ምንም ጥፋት ሳይኖርበት፣ መግዛትም መላክም አልቻለም። ሁለተኛ ሂሳብ ወይም ዋሌት፣ ትንሽም ብር ቢሆን፣ ለእንደዚህ አይነት ቀን ነው።

ሐረር ስትወጡ

ለሐረር መንገደኛ አጭር ምክር። የሚኒባሱ ረዳት ካሽ ነው የሚጠብቀው፣ ካሽ ያዙ። ሸዋ በር ገበያ ጨርቅ ስትገዙ ዋሌት ይሰራል፣ ዋጋ ተከራክራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ግን ሻጩ የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቁ። ጀጎል ውስጥ ስፌት ከሚሸጡ እናቶች ስትገዙ ለቀፊራ ያልኩት ሁሉ ይሰራል።

ብድሩስ?

አፖቹ ብድር ይዘው መጥተዋል። ቴሌብር ላይ እንደኪሴና መላ የሚባሉት ከዳሸን ባንክ ጋር ሆነው በ2014 ዓ.ም. ነው የወጡት። እንደኪሴ ሂሳባችሁ ሲጎድል ክፍያውን ይሞላላችኋል፣ መላ ደግሞ አነስተኛ ብድር ነው። ሱቅ ላለው ሰው ዕቃ ለመሙላት፣ በሁለት ቀን ሽጦ ለመመለስ፣ ሊጠቅም ይችላል። ለባጃጅና ለምሳ መበደር ግን ደመወዙን ሳይገባ መብላት ነው። ብሩ ሲገባ ቀድሞ የሚቆረጠው ብድሩ ነው፣ ከላዩም ክፍያ አለው። ወለድ በሃይማኖታችሁ ምክንያት የማትነኩ ከሆነ ደግሞ፣ በከተማችን እንደዚህ የሆነ ሰው ብዙ ነው፣ «ተስማምቻለሁ» የሚለውን ከመንካታችሁ በፊት ውሉን አንብቡ ወይም ከወለድ ነፃ አገልግሎት ያለው ባንክ ጠይቁ። በአንድ ጣት የሚሰጥ ብድር ሰው እንዳያስብ ያደርጋል፣ እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው።

ስልኩ ቢጠፋ

ይሄን ከመጥፋቱ በፊት አንብቡት። መጀመሪያ የምትደውሉት ሲም ካርዱን ለማዘጋት ነው፦ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700። ሲሙ ካልተዘጋ የማረጋገጫ ቁጥር ሁሉ ለሌባው ነው የሚገባው። ቀጥሎ ዋሌቱን አስቁሙ፣ የቴሌብር 127 ነው። ከዚያ ባንኩን፣ ለንግድ ባንክ 951። ፒናችሁ የልደት ዓመታችሁ ወይም 123456 ከሆነ ዛሬ ቀይሩት፣ የስልኩ መክፈቻና የዋሌቱ ፒንም አንድ አይሁን። አዲስ ሲም ለማውጣት መታወቂያ ስለምትጠየቁ መታወቂያችሁን ከስልኩ ሽፋን ጀርባ አትያዙ። እነዚህን ቁጥሮች ስልክ ውስጥ ሳይሆን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ቤት ለጥፉ፣ ለእማማም አሳዩአቸው፤ የሳቸው ሲጠፋ ከጎረቤት ስልክ መደወል እንዲችሉ።